ሠላሳ አንድ የለንም

የሰዓቴ መስታወት ተሰንጥቆ ላስቀይር ደብረ ብርሃን ወረድሁ። ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ አዲስ የሰዓት ቤት ተከፍቷል። ፊት ለፊቱ መስታወት ነው፤ በጠራራ ፀሐይም ውስጡ መብራት ይበራል። ሻጩ ጢሙን አሳምሮ የተስተካከለ ልጅ ነው። ሰዓቴን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየና የራሱን ዕቃ ከሣጥን አወጣ። «የእርስዎ መስታወት ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው ጋሼ፣ ጥቂት ቀን ይቆያል። እስከዚያው ይቺን ይዩልኝማ። ባትሪ የላትም፤ እንደ ጥንቱ በእጅ የምትሞላ ናት። ዋጋዋም አይጎዳም። መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ አላት።» አየኋት። ፊቷ እንደ ቆየ ወረቀት ቢጫ ብሏል፤ ቁጥሮቿ ደብዘዝ ደብዘዝ ብለዋል። ከጀርባዋ ያለው ላስቲክ ግን ገና አልተላጠም። «ታዲያ መቶ ዓመት የት ከርማ ነው ዛሬ ከላስቲክ የምትወጣው?» አልሁት። ልጁ ሳቀ። «እሷማ አዲስ ናት ጋሼ። ታሪኩ የድርጅቱ ነው። ቢጫውም ሆን ተብሎ የተቀባ ነው፤ ሰው አሮጌ ነገር ይወዳል።»

እርጅና እንደ ቀለም ተቀብቶ ሲሸጥ ያን ቀን አየሁ። የኔን ፀጉር ማን ቀባው ልለው አሰብሁና ተውሁት። ከሰዓት ጋር ተያይዞ የሚመጣ ታሪክ አላምንም፤ የዛሬ አይደለም፣ ከጥንት ነው። ልጁ አዲሷን ወደ ሣጥኗ መልሶ የኔን ወደ መብራቱ አስጠጋት። «ቀኗ ተሳስታለች ጋሼ። በፈረንጅ ዛሬ ይህ ቀን አይደለም። ላስተካክልልዎት?» ብሎ ጥፍሩን መሙያዋ ላይ አደረገ። «እንዳትነካት!» አልሁ። ድምፄ ሳላስበው ጮክ ብሎ ወጣ፤ ልጁ እጁን ሰበሰበ። «እሺ ጋሼ፣ እሺ» አለ። ወደ መንዝ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ የእጄ አንጓ ባዶ ሆኖ ቀለለኝ። መሐል ሜዳ እስክደርስ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

የሰዓቷ ባለቤት ታላቅ ወንድሜ ማንያዘዋል ነበር። ስለ እሱ ጽፌ አላውቅም። አሁንም ስጀምር እየቆምሁ ነው፤ አንባቢ ይታገሰኝ።

ዘመኑን በቁጥር አልጠራም። መንግሥት ተለውጦ፣ ወረዳው አዲስ ማኅተም አስቀርጾ፣ አሮጌው ማኅተም ግን ገና በአንዳንድ ወረቀት ላይ ብቅ የሚልበት ጊዜ ነበር። መሐል ሜዳ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ጎረምሳ ሁሉ ቴትረን ሱሪ ይለብስና ከላይ በርኖስ ይደርባል፤ ሱሪው ለከተማው ነው፣ በርኖሱ ለብርዱ። ኮንጎ ጫማ በካልሲ ያደረገ ሰው ሲያልፍ ሴቶች ዘወር ብለው ያዩታል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ካሴት የሚቀዳ ሰው ነበረ። ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንዱን ዘፈን እስኪሰለች ያጫውተዋል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ሴቷ ድምፅ የወንድ ይሆናል፤ ማንያዘዋል «ራባት ልጅቱን፣ ቆሎ ስጧት» እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ገበያው መታጠፊያ ላይ፣ ነፋስ የማያገኘው አንድ ጥግ አለ። መንዝ ውስጥ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሻጭ ሁሉ ይጣላበት ነበር። ዛሬ እዚያ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ያን ጊዜ ግን የባለጥላው ቦታ ነበር።

ባለጥላ የምንለው ሰዓት ነጋዴ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም። ትልቅ ጥቁር ጥላ ይዘረጋና ሰዓቶቹን ከጥላው ሽቦዎች ላይ ያንጠለጥላቸዋል። ከሥሩ ሲገቡ ሁሉም ባንድነት ሲንጫጩ ይሰማል፣ የገብስ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲፈነዳ ዓይነት። እሱ ራሱ ግን አንድም ሰዓት አያስርም። ይህ ያስጠረጥረኝ ነበር፤ የጠመቀችውን ጠላ የማትቀምስ ጠማቂ ሁልጊዜ ታስጠረጥረኛለች። ለእያንዳንዱ ገዢ ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። አንድ ቄስ ሲመጡ ሰዓቷን የሠሯት በባሕር ማዶ ገዳም የሚኖሩ፣ የጸሎት ሰዓት እንዳያልፋቸው ብለው ጥበቡን የጀመሩ መነኮሳት ናቸው። ከሠራዊት የተመለሰ ሰው ሲመጣ አውሮፕላን አብራሪዎች አስረዋት ከሰማይ የወደቀች፣ ወድቃም ያልቆመች ሰዓት ናት። ያችው ሰዓት ናት እኮ። ቄሱ በዋጋ ሳይስማሙ ሲሄዱ ለወታደሩ ያወጣለት ያችኑ እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ እዚያው መሐል ሜዳ ወፍጮ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ነበር። ማንያዘዋል በሞላሌ በኩል ባለችው መሬታችን ላይ ከእናታችን ጋር ገብስ ያርሳል፤ ክረምት ክረምት ከበግ ጠጉር ባና ይሸምናል። አባታችን የሞተው እኔ በጣም ትንሽ ሆኜ ስለነበር ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። አንድ የገበያ ቀን ሙክቱን ሽጦ ወፍጮ ቤት ድረስ ሰላምታ ሊሰጠኝ መጣና አብረን ወደ ገበያ ወጣን። ባለጥላው የማንያዘዋልን ጣቶች አየ። በጠጉር ፈትል የተቆራረጡ የሸማኔ ጣቶች ናቸው። ከዚያ ጀመረ።

«የሠሯት ሰዎች አገራቸው ደጋ ነው» አለው አንዷን ከሽቦው አውርዶ። «ከዚህም የባሰ ደጋ። ክረምት ሲገባ በረዶው ደጃፋቸውን ይዘጋዋል። እናንተ ክረምት ሲዘጋባችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«ባና እንሸምናለን» አለ ማንያዘዋል።

«አየህ! እነሱ ደግሞ ሰዓት ይሠራሉ። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ። ይቺን የሠራት ሰው እንዳንተው ገበሬ ነው። ላሙን አልቦ፣ እጁን ታጥቦ ነው የተቀመጠባት።»

ሣጥኑን አንሥቼ አነበብሁ። እንግሊዝኛዬ ብዙ ባይሆንም መርከብ የመርከብ ሥዕል ነው። «ሣጥኑ ላይ ያለው መርከብ ነው» አልሁ። «ጽሑፉም ስለ ባሕር ጠላቂ ነው የሚያወራው። ገበሬ የሚል የለም።»

«ተማሪ ነህ?» አለኝ ባለጥላው።

«ጨርሻለሁ።»

«ጨርሰህ ነዋ። ሣጥኑ የሌላ ነው። የሷን ሣጥን መንገድ ላይ ዝናብ መታው።»

«ስሙም አይገጥምም። ሣጥኑ ላይ አንድ ስም፣ ፊቷ ላይ ሌላ ስም።»

«አንተስ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዲሰማ ደግሞ ጮክ ብሎ፣ «ቆርበህ የምትጠራበትና ወፍጮ ቤት የምትጠራበት ስም አንድ ነው? ሁለት ስም ያለው ሁሉ ሌባ ነው?» ከጥላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። የክርስትና ስሜን ያነሣብኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ማንያዘዋልም ሳቀ። ገዛት። ደህና ሙክት መቶ ሃምሳ ብር በሚያወጣበት ጊዜ የሙክቱ ዋጋ እንዳለ ጥላው ሥር ቀረ።

ወደ ማቆሚያው ስንመለስ አኩርፌ ነበር። «ውሸቱን ነው ወንድም ጋሼ» አልሁት። «ምኑን?» አለ ሰዓቷን ጆሮው ላይ ለጥፎ። «ገበሬውን። በረዶውን። ላሟን።» ጥቂት ሄደና ቆመ። «ሊሆን ይችላል። ግን ስማት፣ ትሄዳለች። ገበሬው ውሸት ቢሆን መሄዷ እውነት ነው። እኔ ሰዓቷን ነው የገዛሁ።» «ታሪኩንም ገዝተኸዋል። ያለ ታሪኩ ሙክት አታወጣባትም ነበር» አልሁት። ማንያዘዋል እንደገና ሳቀ። «እሱስ እውነትህን ነው። ለእማዬ ግን አትንገራት።» አለመንገሬን አስታውሳለሁ። እናቴ ግን ከማንም ሳትሰማ አውቃዋለች፤ ሙክቱ ሄዶ ብሩ አለመምጣቱን አይታ ነው መሰለኝ።

ከፊቷ በስተቀኝ ቀን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ነበረቻት። ባለጥላው የሰጠው በፈረንጅ ቀን ሞልቶ ነው። ማንያዘዋል በዚያው ሳምንት በኛ ቀን አስገባት። ሰዓቱንም በኛ አደረገው፤ ጎህ ሲቀድ አሥራ ሁለት ትላለች፣ በዚያው ቀኗም ትዞራለች። የቀን መስኮቷ አሥራ ሁለት ስትል ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ስትል ማርያም፣ ሃያ ሰባት ስትል መድኃኔዓለም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከዚህ በፊት ቀኑን የምታውቀው ከቤተ ክርስቲያን ደወልና ከጎረቤት ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት የማንያዘዋልን እጅ ይዛ «ማን ነው ዛሬ?» ትላለች። እሱም ቁጥሩን ሳይሆን ቅዱሱን ይነግራታል። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ግን ያላሰብነው ነገር መጣ። የሠላሳው ማርቆስ ባለፈ ማግስት መስኮቷ ሠላሳ አንድ አለች።

«ማን ነው ዛሬ?» አለች እናቴ።

«ሠላሳ አንድ ይላል።»

«እሱ ማን ነው?»

«ማንም አይደለም እማዬ። የፈረንጅ ወር አንዳንዱ ይረዝማል።»

«ልደታን የት አደረሳት ታዲያ? ማንም ላልሆነ ሰው ልደታን ደጅ ያስጠናታል? በል አሳልፈው!»

ማንያዘዋል መሙያዋን ሳብ አደረገና ቀስቶቿን ሁለት ሙሉ ዙር አዞረ፤ ሠላሳ አንድ ሄደና አንድ መጣ። «ሠላሳ አንድ የለንም» አለ ሰዓቷን እየተቆጣ፣ ለጥጃ እንደሚናገር። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሥርዓት ሆነ። ወር በጠባ ቁጥር፣ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ደጃፉ ላይ ቆሞ የሌለውን ቀን ያሳልፋል። ጳጉሜን ደግሞ ጉድ ነበር። አምስቷ ቀን ስታልቅ ሰዓቷ ስድስት ብላ ልትቀጥል ትፈልጋለች፤ ወደ አንድ ለማድረስ ወር ሙሉ ማዞር ነው። መስከረም ሲጠባ ማንያዘዋል ደጅ ላይ ተቀምጦ ያዞራል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ጨዋታ አዋቂ ጎረቤት ነበሩን። «ቀስ በል እንጂ ማንያዘዋል፣ ሠርጌን አለፍህብኝ!» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እስቲ ወደ ኋላ አዙራት፣ ወዳላገባሁበት ዘመን ድረስ።» ሚስታቸው ከጓሮ፣ «አዙርለት ልጄ፣ እኔም እዚያው ነኝ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ እምቢ እለዋለሁ!» ብለው መለሱ። ማንያዘዋል ሳቁ ጣቶቹን አደከመበት፤ የዚያን ዓመት መስከረም አንድ ዘግይታ ገባች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰዓቷ ላይ ከሌላው የሚለያት ምንም ምልክት ስላልነበረ ነው። ባለጥላው ያችኑ ዓይነት ሰዓት በብዛት ሸጧል። ሞላሌ ላይም ሸጧል፣ ራቤልም ድረስ ወርዷል። ለባና ሸማኔ ሁሉ የደጋውን ገበሬ ነግሮታል። ወንዶቹ በሙሉ አንድ ሰው የሠራላቸው መስሏቸው ነበር። በልጉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀርቶብን፣ አንዱ በሬያችን ሞቶ፣ ማንያዘዋል ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ፣ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ከተደረደሩት እጆች ግማሹ ያችኑ ሰዓት አስሮ ነበር። በሬ የሚገዛ ገንዘብ ይዤ እመለሳለሁ አለ። «እማዬ ቀን እንዳይጠፋባት፣ እየሄድህ ንገራት» አለኝ። ካሴት ቀጂው የዚያን ዕለትም ያችኑ ዘፈን ያጫውት ነበር። ዘፈኗን ዛሬ ብሰማት ከሰው መሀል ተነሥቼ እወጣለሁ።

የዚያው ዓመት የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ወፍጮው ዝግ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ቀጭን ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ሰው ሲጠይቅ አየሁ፤ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩለት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። መጣና ቆመ።

«የማንያዘዋል ወንድም አንተ ነህ? ክፍሌ?»

«ነኝ።»

«አስናቀ እባላለሁ። የራቤል ሰው ነኝ። መተማ ከወንድምህ ጋር አንድ ዳስ ነን።»

«እሱስ?»

«ትንሽ አሞታል።»

«ምን ሆኖ?»

«ያው የቆላ ነገር ነው፣ ንዳድ።» ሻይ አዘዝሁለት። አልጠጣውም፤ ብርጭቆውን ብቻ ያዞረዋል። «እዚህ የቤተሰብ ሽማግሌ አላችሁ? የንስሐ አባታችሁስ ቅርብ ናቸው?»

ሽማግሌ ለምን ፈለገ አልሁ። ገንዘብ ሊጠይቅ ነው፣ ምስክር ሊያቆም ነው አልሁ። «የቱ ሐኪም ቤት ነው የተኛ?» አልሁት። «እዚያው ነው።» «ማን ያስታምመዋል?» «ሰው አለ።» «እህል ይበላል?» አስናቀ ወደ መንገዱ አየ። «የእግዜር ቸርነት ነው» አለ። መልሱ ሁሉ እንዲህ ነበር፣ እንደ ጭስ የማይጨበጥ።

በኛ አገር መርዶ በቀን፣ በመንገድ ላይ፣ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል፣ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ ሄደው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው ሰው «አሞታል» ይላል፤ መዋሸት ግዴታው ነው፣ ካልዋሸ ነውረኛ ይባላል። ይህን ልማድ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ለራሴ ላስበው አልፈለግሁም። ይህ ሰው ሌባ ነው ብል ይሻለኝ ነበር። ሌባ ከሆነ ማንያዘዋል አለ።

አስናቀ ከኮቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ይቺን ለእናቱ አድርስልኝ ብሎኛል።» ፈታሁት። ሰዓት ናት። የማንያዘዋል ሰዓት ማሰሪያዋ እሱ ራሱ የቆረጠው የበግ ቆዳ ነበር፤ የዚህች አረንጓዴ የናይለን ጨርቅ ነው። «ማሰሪያዋስ?» አልሁ። «ላብ በላው። መተማ ላይ ቆዳ አይቆይም።» ባለጥላው ትዝ አለኝ። ሣጥኑን ዝናብ መታው፣ ማሰሪያውን ላብ በላው። ሁሉም መልስ አለው አልሁ።

«ይህ ሰዓት የሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ? አንተስ የዚህ ዓይነት አልነበረህም?»

«ነበረኝ» አለ ሳይቆጣ። «ከባለጥላው ነው የገዛሁ። ገበሬ ነው የሠራት ብሎኝ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «እኔና ወንድምህ አንዱ ገበሬ ነው ወይስ ሁለት እያልን እንከራከር ነበር። የኔን ሰሊጥ ውስጥ ጣልኋት።»

ይኸው አልሁ በልቤ። የራሱን ይዞ መጥቶ የማንያዘዋል ናት ይለኛል፤ ወይም የሌላ ሰው ናት። ይህች ሰዓት ውሸት እንድትሆን የፈለግሁትን ያህል በዕድሜዬ የፈለግሁት ነገር ያለ አይመስለኝም። ወደ ብርሃኑ አዞርኋት። መስታወቷ በጭረት ተሞልቷል። ትሄዳለች። መስኮቷን በአውራ ጣቴ ጠረግሁና አየሁ። ሃያ አንድ ትላለች።

ዕለቱ ሃያ አንድ ነው፤ ማርያም ናት። አንድ በአንድ አሰብሁት፤ የወፍጮ ቤት ሒሳብ እንደምሠራ ቀስ ብዬ። እንደ ፈረንጅ ቀን ብትሆን ሠላሳ ነበር የምትለው። ጥቅምት ሲያልቅ ማንም ሳይነካት ዝም ብላ ሄዳ ቢሆን፣ ሠላሳ አንድን ቆጥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ትቀር ነበር፤ ሃያ ትል ነበር። ሃያ አንድ ካለች የኅዳር ልደታ ጠዋት አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሌለውን ቀን አሳልፏል። ይህን የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ደስ አለኝ! እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ አለኝ። ልደታ ዕለት ማንያዘዋል ጣቱን ማንቀሳቀስ ይችል ነበር ማለት ነው። አሞታል ማለት አሞታል ብቻ ነው ማለት ነው።

«ልደታ ዕለት ደህና ነበር እንዴ?» አልሁት። «ቀኗን አዙሯታል እኮ!»

አስናቀ ብርጭቆውን ማዞር አቆመ። «እኔ ነኝ ያዞርኋት» አለ።

«አንተ?»

«አዎ። በየጠዋቱ ሙላት፣ ወር ሲጠባ ሁለት ዙር አዙርና አሳልፍልኝ፣ ሠላሳ አንድ የለንም ብሎ አስተማረኝ። እናቴ ጋ ስትደርስ ቀኗ ትክክል ትሁን ብሎኝ ነው።»

«እሱስ? ልደታ ዕለት እሱ ራሱ ለምን አላዞራትም?»

ውሸት የተፈቀደለት ሰው ነበር፤ አንድ ውሸት ቢጨምር ማንም አይፈርድበትም። ግን አልጨመረም። የነጠላውን ጫፍ አንሥቶ አፉ ላይ አደረገ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ይስቃል፣ ካሴት ይጮኻል፤ እኔ የምሰማው ሰዓቷን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘርዝሬ መጻፍ አልችልም። አስናቀ እንደ ሥርዓቱ ሽማግሌ ፈልጎ አገኘ፤ ጋሽ ወልዴና የንስሐ አባታችን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለእናቴ አረዷት። አስከሬኑ ቆላ ቀርቷል። ሰው በሌለበት ሲለቀስ በኛ አገር ዕቃው ይወጣል፤ የሸመነውን ባና መሬት ላይ ዘርግተን ሰዓቷን መሀሉ ላይ አደረግናት። አልቃሿ ከሞላሌ የመጣች ናት፣ ማንያዘዋልን አታውቀውም።

ሰዓቱ መጣልን ቆላውን አቋርጦ፣
ባለቤቱ ቀረ ሰሊጥ ውስጥ ተቀምጦ

አለችና ሰዉን አስለቀሰችው። እዚህ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። ቀጥላ ግን ሰዓቷን ከባናው ላይ አንሥታ የአያቱ ናት አለች፤ አያቱ ለአባቱ፣ አባቱ ለሱ ያወረሰው አለች። አያቴ ሰዓት በዓይኑ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ተነሥቼ ልናገር ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተዋት» አለች፣ ፊቷ እንደተሸፈነ። «ሰው እያለቀሰባት ነው።»

ተውኋት። ግን አላመንኋትም። ማንያዘዋል የገዛት ከባለጥላው ነው፣ በሙክት ነው፤ የኔ ወንድም ሰዓት ይህን ያህል ነው ታሪኳ። ከዚያ ላይ የሚጨምር ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። አስናቀ ከለቅሶው ማግስት ወደ ራቤል ሄደ። እኔም እስኪሄድ ድረስ የሚጠይቀውን እጠብቅ ነበር፤ አልጠየቀም። ሳልጠረጥር ያመንሁት ሰው የለም፤ እሱን ግን ጠርጥሬ ጨረስሁት።

ሰዓቷ እናቴ ጋ ከረመች። ጠዋት ጠዋት ትሞላታለች፣ ለወር መባቻ ደግሞ እኔ ከመሐል ሜዳ እሄዳለሁ። እናቴ ስታርፍ ሰዓቷ ወደ እኔ መጣች።

ደብረ ብርሃን በቀጠሮዬ ተመለስሁ። አዲሱ መስታወት ገብቶላታል። ልጁ በጨርቅ እየወለወለ፣ «ጋሼ፣ በየቀኑ ሞልቻታለሁ፤ ቀኗን ግን እንዳሉኝ አልነካሁም» አለኝ። አመሰገንሁት። «ይቺ ታሪክ ያላት ትመስላለች። ይንገሩኝና ፎቶዋን አንሥቼ ከታሪኳ ጋር ስልኬ ላይ ልለጥፋት። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል፤ ዓይነቷም ዛሬ እንደገና እየተሠራች ነው።» ወደ መስታወቱ መደርደሪያ አየሁ። ቢጫ የተቀቡት አዳዲሶቹ ተደርድረዋል። ብነግረው ታሪኬን ለየትኛዋ እንደሚያስርላት ታየኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ልጅ ይገዛታል፤ «ይቺ ቆላ ወርዳ፣ ባለቤቷ ቀርቶ የተመለሰች ናት» ይባላል። «ታሪክ የላትም» አልሁት። እዚህም የሰዓቷን ስም ያልጻፍሁት ለዚህ ነው።

ልጁ ሰዓቷን እጄ ላይ አኖረልኝ። ዕለቱ ልደታ ነበር። መስኮቷ ሠላሳ አንድ ትላለች። እዚያው ቆሜ መሙያዋን ሳብሁና ማዞር ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ልጁ።

«እያሳለፍሁ ነው» አልሁና ሁለተኛውን ዙር ቀጠልሁ።